ልጅቷ የሞተችው የቱ ስንኝ ላይ ነው? ስለ ግጥም ትረካ የተጻፈ ሂስን እንዴት እንመዝን

ደሴ ላይ በየአስራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ የምንገናኝ ጥቂት ሰዎች አለን። ከፒያሳ ብዙ ሳይርቅ አንዲት ሻይ ቤት ጥግ ይዘን እናነባለን። የጦሳ ጉም ሲወርድ ደግሞ ተጠጋግተን ነው የምናነበው። አንድ ቅዳሜ ከመካከላችን አንዱ ስምንት ስንኝ ግጥም ይዞ መጣ። እኔ በግጥሙ ላይ አራት ገጽ ሂስ ጻፍኩና በቀጣዩ አነበብኩ። አልዋሽም፣ አምሮብኝ ነበር። ሁሉም ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰማኝ። ስጨርስ ግን ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህርት፣ ሁላችንም «እትዬ» የምንላቸው፣ መነጽራቸውን አውልቀው እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ይቺ ልጅ የሞተችው የቱ ስንኝ ላይ ነው?»

ወረቀቱን አገላበጥኩ። አልሞተችም። ቢያንስ ግጥሙ ላይ አልሞተችም። የገደልኳት እኔ ነኝ።

ይህን መመሪያ ያስጻፈኝ የዚያ ቀን እፍረት ነው። ስለ ግጥም ትረካ የተጻፈ ሂስ ስታነቡ፣ ወይም የራሳችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ስትፈትሹ ይጠቅማል። የሚያስፈልጋችሁ ግጥሙ፣ ሂሱ፣ ባዶ ወረቀትና ሦስት ቀለም እስክሪብቶ ነው። ጊዜው ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም።

ግጥሙ ይኸውና። ባለቤቱ ፈቅዶልኛል።

እህቴ የሰኞ ዕለት ባቲ ወርዳ ነበር፣
ነጠላዋን ለብሳ በጠዋቱ ጀምበር።
አቦል ተቀዳና እናቴ ቀመሰች፣
ቶናው ተደገመ፣ በሩን አየች አየች።
በረካው ሲቀዳ መጣ አንድ መንገደኛ፣
ነጠላዋ በእጁ፣ እሱ ግን ዝምተኛ።
ሲኒው ተገልብጦ ረከቦት ላይ ዋለ፣
እሷም አልጠየቀች፣ በሩ ክፍት እንዳለ።

አንድ፦ ሂሱን ሳትከፍቱ ግጥሙን አንብቡ

ሁለት ጊዜ፣ ድምፅ አውጥታችሁ። ከዚያ ባዶው ወረቀት ላይ «ምን ሆነ?» ለሚለው ጥያቄ በራሳችሁ ቃል ሦስት መስመር መልስ ጻፉ። ከሦስት መስመር አትለፉ።

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። መጀመሪያ ሂሱን ካነበባችሁ ግን ግጥሙን በሃያሲው ዓይን ነው የምታዩት። ጥሩ ጸሐፊ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አትላቀቁትም። ጓደኞቼ ጭንቅላታቸውን ሲነቀንቁልኝ የነበረው ለዚህ ነው። ግጥሙን ከሰሙ ሁለት ሳምንት አልፏቸው ነበር፤ የእኔ ሂስ ግን ትኩስ ነው።

ሁለት፦ የሂሱን ዋና ነጥብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ስለ ትረካ የሚጻፍ ሂስ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱን ይላል። «ይህ ግጥም ይተርካል» ይላል። ወይም «እንዲህ አድርጎ ይተርካል» ይላል። ወይም «እንዲህ አድርጎ በመተረኩ ይህን ትርጉም ሰጠ» ይላል። ሦስተኛው ከሁሉም ከባዱ ነው።

የተለመደው ጉድ ይኸውላችሁ፦ መግቢያው ሦስተኛውን ቃል ይገባል፣ ገጾቹ ግን የመጀመሪያውን ብቻ ያስረዳሉ። ግጥሙን መልሶ ሲተርክልን ይቆይና መጨረሻ ላይ «ስለዚህ ገጣሚው የኅብረተሰቡን ሰቆቃ በጥልቀት አሳይቷል» ብሎ ይዘጋል። መካከሉ ባዶ ነው። ዋናውን ነጥብ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካቃታችሁ ችግሩ ከእናንተ ላይሆን ይችላል።

ሦስት፦ «ታሪክ» የሚለውን ቃል አሳድዱ

ይህ የአማርኛ ሂስ የራሱ ወጥመድ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

«ታሪክ» ስንል አንድም የአገር ታሪክ ማለታችን ነው፣ አንድም የሚተረክ ነገር። ብዙ ሂስ ከአንዱ ወደ ሌላው ሳያስታውቅ ይንሸራተታል። ግጥሙ የ1909ኙን የሰገሌን ጦርነት ያነሳል እንበል፤ ንጉሥ ሚካኤልንና እዚሁ ደሴ ያለውን የአይጠየፍ አዳራሽን ይጠራል። ሃያሲው «ግጥሙ በታሪክ የተሞላ ነው፣ ስለዚህ ትረካዊ ነው» ይላል። አይደለም። ሰገሌን መጥራትና ሰገሌን መተረክ ሁለት ነገር ነው። አንድ ሰው አይጠየፍን እያየ በሐሳብ ቢቆዝም፣ ውስጡ ብዙ የታሪክ ስም ኖሮ አንድም ድርጊት ላይኖር ይችላል።

ታዲያ ትረካ የምንለው ምኑን ነው? እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው። ቢያንስ ሁለት ድርጊት ይኑር፣ በጊዜ ይያያዙ፣ በመካከላቸው አንድ ነገር ይለወጥ። «ዝናብ ዘነበ» ትረካ አይደለም። «ዝናብ ዘነበ፣ ቦርከና ሞላ፣ ሙሽራዋ ማዶ ቀረች» ግን ትረካ ነው። ሃያሲው ሌላ መለኪያ ቢኖረው መብቱ ነው። መጀመሪያ ገጽ ላይ ያስቀመጠውን መለኪያ መጨረሻው ገጽ ድረስ ካልያዘ ግን ምልክት አድርጉበት።

ተቃራኒውም አለና አትርሱ። «ይህ ግጥም ስሜት ብቻ ነው፣ ትረካ የለውም» የሚል ሂስም ማስረጃ ያስፈልገዋል። በመጀመሪያው ስንኝና በመጨረሻው መካከል የተለወጠ ነገር ካለ ሃያሲው ቸኩሏል።

አራት፦ በሦስት ቀለም አስምሩ

ልቡ ይህ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትዘሉ ይህን አትዝለሉ።

ሂሱ ስለ ግጥሙ የሚናገረውን እያንዳንዱን ነገር ለዩ። ግጥሙ ራሱ ያለውን በሰማያዊ አስምሩ። ግጥሙ በቃል ባይለውም ከቃሉ የሚከተለውን በአረንጓዴ። ሃያሲው ከራሱ ያመጣውን በቀይ።

የእኔን ሂስ አንድ አንቀጽ ላቅርብላችሁ፦

«ገጣሚው በሰባ ሰባቱ ድርቅ እህቱን እንዴት እንዳጣ ይተርክልናል። እህል ፍለጋ ባቲ የወረደችው ልጅ በዚያው ቀን መንገድ ላይ ቀርታለች። መንገደኛው የያዘው ነጠላ መርዶ ነው። እናትየዋ አለመጠየቋም የወሎ እናቶች ሐዘናቸውን በዝምታ የመሸከማቸው ምልክት ነው።»

እንሂድ። «ገጣሚው… እህቱን» ቀይ ነው። «እህቴ» የሚለው ተራኪው ነው። ተራኪው ወንድ ይሁን ሴት፣ ልጅ ይሁን ትልቅ ሰው ግጥሙ አይናገርም። ገጣሚውማ ጓደኛችን ነው፤ ሦስት ወንድሞች እንጂ እህት የሚባል የለውም! ሰውየው አጠገቤ ቁጭ ብሎ እህት ስሰጠው ዝም ብሎ ሰማኝ።

«በሰባ ሰባቱ ድርቅ» ቀይ። ዓመት የሚጠራ ቃል የለም። «እህል ፍለጋ» ቀይ። የባቲ የሰኞ ገበያ የማይሸጥበት ነገር የለም፤ ግመሉም፣ ከብቱም፣ እህሉም አለ። አፋሩም ኦሮሞውም አማራውም ይገናኝበታል። ሰው በሺህ ምክንያት ይወርዳል። «በዚያው ቀን»ም ቀይ ነው። ቡናው የተፈላው ሰኞ ማታ ይሁን ከሳምንት በኋላ የተነገረን የለም።

«ነጠላው መርዶ ነው» አረንጓዴ። ነጠላው መጥቷል፣ ባለቤቷ ግን የለችም። ያመጣውም አልተናገረም። እናትም አልጠየቀች። ከዚህ ሁሉ ክፉ ወሬ መገመት ያስኬዳል። ግን ሞት ነው፣ ጠለፋ ነው፣ ስደት ነው? እዚያ ላይ አረንጓዴው ያልቃል።

«የወሎ እናቶች» የሚለው ቀይ ላይ ቀይ ነው። ግጥሙ ውስጥ ያለችው አንዲት እናትና አንድ በር ናት።

በዚያ አንቀጽ ውስጥ አረንጓዴው አንድ ብቻ ሆኖ ሳየው ወረቀቱ የበርበሬ ስጥ መስሎኝ ነበር።

አሁን ደስ የሚለውን ልንገራችሁ። እኔ ሰባ ሰባትን ለምን አየሁ? ከወሎ ስለሆንኩ ነው። በ1966 እና በ1977 የሆነውን ቤታችን ውስጥ ስሰማ ነው ያደግኩት። ከቡድናችን አንዲት በሃያዎቹ ያለች ልጅ ግን ያንኑ ግጥም ሰምታ «ዐረብ አገር ሄዳ ነዋ!» አለች፣ ምንም ሳትጠራጠር። ለሷ ትውልድ ሴት ልጅ ከቤት ወጥታ አለመመለስ ማለት እሱ ነው። ግጥሙ አንድ ነው፣ ልጅቷ ግን ሁለት ቦታ ሄደች። ስለዚህ ያ ታሪክ ያለው ስንኙ ውስጥ ሳይሆን ሰሚው ውስጥ ነው።

ቀይ ማለት ጥፋት ማለት አይደለም። አንባቢ ክፍተት ሲያገኝ ይሞላል። ጥሩ ሃያሲ ግን እየሞላ መሆኑን ይናገራል፦ «ሰባ ሰባትን የሚያስታውስ አንባቢ እዚህ ጋ ድርቁን ያያል» ይላል። ይህ ሐቀኛ ነው፤ እንዲያውም ጠቃሚ ነው። ነጥብ የምትቀንሱት ቀዩ ሰማያዊ ለብሶ ሲመጣ ነው።

ገጣሚውን ጠይቆ መገላገልስ? እኛ ጠየቅነው። «ልጅቷ ምን ሆነች?» ስንለው «እኔ ምን አውቄ?» አለ። ቢያውቅና ቢነግረንም ስንኙ ላይ እስካልጻፈው ድረስ የሱ መልስ ከቀይ አያልፍም። ከኛ ቀይ ትንሽ ደመቅ ይል ይሆናል።

አምስት፦ ሂሱ ስለ አተራረኩ ምን እንዳየ ፈልጉ

ምን እንደሆነ መንገር ግማሽ ሥራ ነው። እንዴት እንደተነገረ ማየት ነው ሂሱን ሂስ የሚያሰኘው። ሦስት ቦታ ፈልጉ።

መጀመሪያ ግሱን። «ወረደች» አይልም፣ «ወርዳ ነበር» ይላል። «ነበር» ያቺን ሰኞ ወደ ኋላ ይገፋታል። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር እንደሆነ ገና ከመጀመሪያው ስንኝ ይሰማናል። እኔ አራት ገጽ ጽፌ ይህን አንዲት ቃል አላየኋትም።

ቀጥሎ የጊዜውን አከፋፈል። መሄዷ ሁለት ስንኝ አገኘ። ቤት ውስጥ የሆነው ስድስት ስንኝ። ገበያው፣ መንገዱ፣ የደረሰባት ነገር ምንም አላገኘም። ሰዓት የለም፣ ግን አቦል፣ ቶናና በረካ አሉ። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው በቡና ጊዜ መለካት ያውቅበታል። ስለዚህ «ይህ ግጥም የሚተርከው የሄደችዋን ሳይሆን የቀረችዋን ነው» የሚል ሃያሲ ቢመጣ ስንኝ ቆጥሮ ማስረዳት ይችላል። ማስረጃ የምለው እንዲህ ያለውን ነው።

በመጨረሻ ዓይኑ የማን እንደሆነ። ተራኪው ቤት ውስጥ ነው። እናቱን ያያል፣ ሲኒውን ያያል፣ ባቲን ግን አያይም። የማያየውን አይተርክም። ሂሱ የተራኪውን ወሰን ካላነሳ ዝምታው ከየት እንደመጣ አልገባውም።

ስድስት፦ ሁለት የእጅ ሥራ ፈተናዎች

የመጀመሪያው የመበወዝ ፈተና ነው። ስንኞቹን ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ በወረቀት ቁራጭ ጻፉና እንደ ካርታ በውዟቸው። የኛ ግጥም እምቢ ይላል። በረካ ከአቦል አይቀድምም።

አሁን ይህን ከዘፈን ስንኝ ጋር አስተያዩት። ከአራቱ ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታ ስም ነው የያዙት። ስለዚህ እዚህ አካባቢ ስለ ዜማ ግጥም የሚጻፍ ሂስ አይጠፋም። በነዚህ ቅኝቶች ሲዘፈን ግን ብዙ ጊዜ እያንዳንዱ ጥንድ ስንኝ ራሱን ችሎ የቆመ ነው። ድምፃዊው ዛሬ ያስቀደመውን ነገ ሊያስከትል ይችላል። ሃያሲው ከአንድ ቅጂ ተነስቶ «መጀመሪያ ተገናኙ፣ ከዚያ ተጣሉ፣ መጨረሻ ላይ ናፈቃት» ብሎ ሴራ ሲሠራ ካያችሁ፣ ስንኞቹን በውዛችሁ አሳዩት። ምንም ካልጎደለ ሴራው የሱ ነው።

መንዙማ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የወሎ ዑለማዎች አማርኛን በዐረብ ፊደል፣ በዐጀሚ፣ እየጻፉ ያቆዩት ሀብት አለ። ከመንዙማው የነቢዩን ሕይወት የሚተርክ አለ፤ በመውሊድ ጊዜ ይባላል። ግን አውጪው አንድ እርምጃ በተረከ ቁጥር ተቀባዩ ያንኑ አዝማች ይመልሳል፣ ድቤውም ይመታል። ትረካው ወደፊት ይሄዳል፣ አዝማቹ ደግሞ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ወረቀት ላይ ያለውን ግጥም ብቻ አይቶ «ድግግሞሹ ትረካውን አዳክሞታል» የሚል ሂስ ካጋጠማችሁ፣ ጸሐፊው ሐድራ ላይ፣ መንዙማው በሚባልበት ጉባኤ፣ ተቀምጦ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁ።

ሁለተኛው የስድ ንባብ ፈተና ነው። ግጥሙን ወደ ተራ ወሬ ለውጡት፦ «እህቴ ሰኞ ባቲ ወርዳ ነበር። እናቴ ቡና እየጠጣች ስትጠብቅ አንድ ሰው ነጠላዋን ይዞ መጣ። ማንም ምንም አላለም።» አሁን ሂሱን መልሳችሁ አንብቡ። ሂሱ የሚለው ሁሉ ለዚህ ወሬም እኩል ከሠራ፣ ስለ ግጥም ገና አልተናገረም። «ነበር» ከ«ጀምበር» ጋር ቤት መምታቱ የት ገባ? የጠዋቱ ፀሐይ ካለፈ ጊዜ ጋር ታስሯል። «አየች አየች» እዚያው ቆሞ ሁለቴ መርገጡስ? የትረካ ግጥም ትረካም ግጥምም ነው፤ ሂሱ አንዱን ብቻ ካየ ግማሽ ነው።

ሰባት፦ ወርቁ የቱ ቃል ላይ ነው?

እኛ አገር ሃያሲ ሁሉ ወርቅ ቆፋሪ ነው። የተተረከውን ሰም ብሎ ይጥልና ወዲያው «ወርቁ ግን አገሪቱ ናት» ይላል። እናት የተባለች ሁሉ ኢትዮጵያ፣ በር የተባለ ሁሉ ተስፋ ትሆናለች። ሰለቸኝ፣ እውነቴን ነው።

መድኃኒቱ ግን እዚሁ ወሎ አለ። ዋድላ ከታወቁት የቅኔ ቤቶች አንዱ ነው። ቅኔ ቤት ውስጥ ወርቅ ዝም ብሎ አይታወጅም። የሰሙ ቃልና የወርቁ ቃል ተቆራኝተው ይቆማሉ፤ ኅብር ከሆነ ደግሞ አንዱ ቃል ሁለቱን ፍቺ ይሸከማል። የኔታ ፊት ወርቁን የተሸከመውን ቃል ማሳየት ያልቻለ ተማሪ ፈትቻለሁ አይልም። ሃያሲውንም እንዲሁ ጠይቁት። «እናቲቱ አገር ናት» ካለ የቱ ቃል ነው አገርን የሚሸከመው? ከሌለ ሐሳቡ ቆንጆ ሊሆን ይችላል፤ ከግጥሙ ግን አልወጣም።

ስምንት፦ «ስለዚህ»ን ቁጠሩ

ይህ አጭር ነው። ሂሱ ውስጥ ያሉትን «ስለዚህ»፣ «በመሆኑም»፣ «ከዚህ እንደምንረዳው» የሚሉትን ሁሉ ክበቡ። ከእያንዳንዱ በፊት ያለው ዓረፍተ ነገር ከኋላ ያለውን ይሸከማል ወይ? እኔ ሰባት «ስለዚህ» ነበረኝ። አራቱ ወደቁ። እግረ መንገዳችሁን ሃያሲው ያልጠቀሰው ስንኝ ካለም እዩ። የተዘለለው ስንኝ ብዙውን ጊዜ ነጥቡን የሚያፈርሰው ነው። እኔ «በሩ ክፍት እንዳለ» የሚለውን አልጠቀስኩም። ሞታለች ብዬ ወስኜ ስለነበር ክፍት በር አልተመቸኝም።

ዘጠኝ፦ ፍርዳችሁን ጻፉ

«ጥሩ ነው» ወይም «ደካማ ነው» ብላችሁ አትለፉ። ምን እንዳየ፣ የቱ ጋ እንደተበጠሰ፣ በምን እንደሚጠገን ጻፉ። ለእኔው ሂስ የሚገባው ይህን ይመስላል፦

«ሂሱ ነጠላውንና የእናቲቱን አለመጠየቅ አያይዞ ማንበቡ ትክክል ነው፤ ግጥሙ የቆመው እዚያ ላይ ነው። ነገር ግን ተራኪውን ከገጣሚው ጋር አደባልቋል፤ ዘመኑንና የልጅቷን መጨረሻ ከራሱ ጨምሮ እንደ ግጥሙ ቃል አቅርቧል። ‹ወርዳ ነበር›ንና የቡናውን ሦስት ዙር ቢያይ፣ የድርቁንም ንባብ የአንድ አንባቢ ንባብ ብሎ ቢያስቀምጥ፣ ነጥቡ ሳይፈርስ ይቆማል። የተዘለለው የመጨረሻ ስንኝ መመለስ አለበት።»

እኔም እንደዚያው አድርጌ ሂሱን ወደ አንድ ገጽ ተኩል አወረድኩትና ባለፈው ቅዳሜ አነበብኩ። ልጅቷን አልገደልኳትም። ዐረብ አገርም አልላክኋትም። በሩንም እንደተከፈተ ተውኩት። እትዬ እስከ መጨረሻው ሰምተው ሻያቸውን ጨረሱና፣ «ጎበዝ። ሲኒውን የገለበጠው ማነው?» አሉኝ።

ግጥሙን ከፈትኩ። «ተገልብጦ» ነው የሚለው። ገለበጠች አይልም፣ ገለበጠም አይልም። ለቀጣዩ ቅዳሜ መልስ ይዤ እንድመጣ ታዝዣለሁ።